ቤት የዋሉት ልጆች ካርድ የላቸውም

«ልጆቼን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ቤት ነው የማስተምራቸው» የሚል ወላጅ አሜሪካ ውስጥ ብታገኙ ብዙም አትደነቁም። በ50ውም ግዛቶች ሕጉ ይፈቅዳል፤ መጽሐፉም፣ የወላጆች ማኅበሩም አለ። ጀርመን ከሆነ ይኸው ወላጅ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ እንዲህ የሚል ወላጅ ቢያጋጥማችሁስ? ጎረቤቱ «ፈርቶ ነው» ይለዋል፣ ዘመዱ «ሰንፎ ነው» ይለዋል፣ መዝገቡ ደግሞ ልጆቹን «ያቋረጡ» በሚለው ዓምድ ሥር ያስገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ስለነሱ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት በዚያ ዓምድ ውስጥ ተሸፍነው ስለቀሩ ልጆች ነው። በግርግሩ ምክንያት ቤት የዋሉ፣ ቤት ከዋሉ በኋላ ግን መምህር ያላየላቸውን ነገር እናታቸው ያየችላቸው ልጆች አሉ። ስንት እንደሆኑ የቆጠረ ስለሌለ ቁጥር አልጠራም። በሥራዬ ምክንያት ግን በዞኑ ውስጥ ደጋግመው ገጥመውኛል።

መነሻውን ታውቁታላችሁ። በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ መንገድ ሲከፈት ትምህርት ቤቱ ላይከፈት ይችላል። መምህራን ታፍነዋል፣ ተገድለዋል። የታጠቀ ኃይል ማረፊያ የሆነ ትምህርት ቤትም አለ። ክልሉ በ2017 የትምህርት ዘመን 7 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ለመመዝገብ አቅዶ ከግማሽ በላዩ ሳይመጣ ቀርቷል፤ ከትምህርት ውጭ የሆነው ልጅ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው ተብሏል። ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ ገና ከኮሮና ሳናገግም ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ሲዘጉ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ያልተቆራረጠ የትምህርት ጊዜው ቢደመር ስንት ዓመት እንደሚሆን እስኪ አስሉት።

እንጅባራ ላይ የማውቃት አንዲት እናት ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ ከሰል ይነግዳል፤ የፋግታውን የዲከረንስ ከሰል ጭኖ በመንገዱ ሁኔታ ቀን እየቆጠረ ይወጣል ይገባል። እሷ ከማግባቷ በፊት በአንድ የገጠር ቀበሌ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት አመቻች ነበረች። ታላቋ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፤ የተሰጣትን ሥራ ከክፍሉ ልጆች ቀድማ ትጨርስና ቀሪውን ሰዓት መስኮት ስታይ ትውል ነበር። መካከለኛው 10 ዓመቱ ነው፤ ደብተሩ ሲያዩት ያምራል፣ ጽሕፈቱ እንደ ቁም ጸሐፊ ነው። ትንሹ 7 ዓመቱ ነው፤ ሕፃን ሆኖ ጆሮው ሲመግል ኖሮ አንደኛው ጆሮ በደንብ አይሰማም። ኋላ ወንበር ላይ ስለሚያስቀምጡት ስሙ «ፈዛዛው» ሆኖ ቀረ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ቤት ሲቀመጡ እናትየው መደብ ላይ አስቀምጣቸው፣ ኮምፔርሳቶ ግድግዳ ላይ ቸንክራ፣ የቆየ ሙያዋን አወጣች። በሁለተኛው ሳምንት መካከለኛው ልጅ ከገዛ ደብተሩ የጻፈውን እንዲያነብ ጠየቀችው። አንድ ቃል አላነበበም። «ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥዕል ሲስል ነው የኖረው። ለካ ፊደል የመሰለው ለእኛ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህ የአንድ ቤት ጉድ አይደለም። የዓለም ባንክ ባወጣው ስሌት 10 ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶ ገደማው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብቦ መረዳት አይችልም። በታችኛዎቹ ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እየተላለፈ እንዲሄድ የተደረገው በመልካም ሐሳብ ነበር፤ እግረ መንገዱን ግን ማንበብ የማይችለው ልጅ ሳይታወቅ አራተኛ ክፍል ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን 12ኛ ክፍል ላይ አይተነዋል፦ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያኔ ሁላችንም ስለ ኩረጃ ስናወራ ከረምን እንጂ ያ ልጅ አንደኛ ክፍል ላይ «ሉ»ን ከ«ሊ» ለይቶ እንደነበረ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።

የ«ሉ» እና የ«ሊ» ነገር ቀልድ አይደለም። ፊደላችን ለሚያስተውለው ልጅ እንደ ዜማ የተደረደረ ነው፤ የካዕቡ ቅጥያ ከወገብ፣ የሳልሱ ከእግር። ለንባብ እክል ላለበት ልጅ ግን ያቺ ትንሽ ጭረት አንዴ ከወገብ አንዴ ከእግር ትመስለዋለች። ይህ ልጅ ደግሞ ሞኝ ስላልሆነ መሸሸጊያ ያበጃል፦ ሀሁሂውን በዜማ ይሸመድዳል። ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብ ብትሉት እስከ ፐ ይወርድላችኋል። መሀል ላይ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ «ይቺስ?» ብትሉት ግን ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥቶ እየቆጠረ ካልሆነ አይደርስባትም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አቡጊዳ ለምን እንደተፈጠረ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ ሀሁን በቃሉ ይዞ እንዳያታልል ፊደሉን በአግድም ሰባብሮ የሚጠይቅ ዘዴ ነው። የኔታ ፊት ስድስት ሰባት ልጅ ቢቀመጥ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ይዟል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል። የሚበልጠው የሚያንሰውን ያስቀጽላል። «ክፍል ደገመ» የሚባል ነገር የለም፤ ያልገባው እስኪገባው እዚያው ነው፣ የገባው ያልፋል። ዓይነ ስውሩም በቃል እየተቀበለ መሪጌታ እስከ መሆን ይደርሳል። ከዋሸራና ከጎንጅ ቅኔ ቤቶች ብዙም የማይርቅ አገር ውስጥ ተቀምጠን፣ ሁሉም ልጅ በአቅሙ ይማር የሚለውን ሐሳብ ከፈረንጅ እንደመጣ ሥልጠና መስማታችን ይገርመኛል። (ኩርኩሙንና አለንጋውን ግን አልናፈቅሁም፤ ሴት ልጅ እዚያ ጉባኤ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደነበራትም አልረሳሁም።)

እናትየው ያደረገችው የየኔታንና የአመቻችነቱን ዘመን ቀላቅላ ነው። ለመካከለኛው ልጅ ሰፌድ ላይ አሸዋ ዘርግታ ፊደሉን በጣቱ ያስጽፈዋለች፤ በቀን ሦስት ፊደል፣ ከዚያ በላይ አይጨመርም። ትንሹን ፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች፤ አፏን እያየ፣ በሚሰማው ጆሮ በኩል። ሒሳብ በቆርኪ ነው። አያትየዋ በአገውኛ ትቆጥርላቸዋለች፣ እናትየው በአማርኛ፤ ልጆቹ ሁለቱንም ይዘው ይሄዳሉ። በዞኑ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች በአገውኛ ስለሚያስተምሩ ይህ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ከተማ ያደጉ የብዙ አገው ልጆች ግን አያታቸው ቤት ካልሄዱ አያገኙትም። በስምንት ወር መካከለኛው ልጅ አጭር አንቀጽ አነበበ። ቀስ ብሎ ነው፤ ግን አነበበ። «ፈዛዛው» ደግሞ ፈዛዛ አልነበረም። አይሰማም ነበር፣ በቃ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ቤት ይሻላል» ሊል ይችላል። እኔ አልልም። የዚህ ጽሑፍ ከባዱ ክፍልም እዚህ ጋ ነው።

በአገራችን «ቤት» የሚለው ቃል አካል ጉዳት ላለበት ልጅ ክፉ ታሪክ አለው። ስንቱ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ተቆልፎበት አድጓል? ስንቱን «የእግዜር ቁጣ ነው» ብለን ከፀሐይ ደብቀነዋል? አገራችን በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ስታጸድቅ የገባችው ቃል እነዚህ ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው እንዲማሩ ነው። ስለዚህ አንድ ወላጅ «ልጄ ቤት ነው የሚማረው» ሲል ከበሩ ጀርባ አሸዋ የተዘረጋበት ሰፌድ ይሁን የተቆለፈ ጓዳ በቃሉ ብቻ አይታወቅም። ማየት ያስፈልጋል። የሚያይ ሰው ደግሞ የለም።

ሁለተኛው ነገር ታላቋ ልጅ ናት። እናትየውን ሳመሰግን ቆይቼ በዚህ ነጥብ ተጨቃጭቀናል። ከሰዓት በኋላ እናት ገበያ ስትወጣ ትንሹን የምታስተምረው እሷ ናት። ውኃውም የእሷ ነው፣ ቡናውም የእሷ ነው። ትምህርት ቤት እያለች ሥራዋን ጨርሳ መስኮት የምታይ ልጅ፣ አሁን መስኮት የምታይበት ጊዜ የላትም። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፏ ክፍልፋይ ላይ ቆሟል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ ያለውን እናትየውም አታውቀውም። «እሷ ጎበዝ ስለሆነች ትደርስበታለች» አለችኝ። ትምህርት ቤቱም ልክ እንደዚያ ነበር ያሰበው። ፈጣን ልጅ የራሷ ፍላጎት እንዳላት ሁሉም ይረሳል፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ይበልጥ ይረሳል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት አካባቢ 12 እና 13 ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ምን ዓይነት ሽማግሌ ደጇ እንደሚቆም ጎጃም ላይ ላደገ ሰው አይነገረውም።

ሦስተኛው፣ ይህች እናት አመቻች የነበረች ናት። ባንጃ ወይም አንከሻ ገጠር ውስጥ ያለች ፊደል ያልቆጠረች እናትስ? ለእሷ መደቡ መደብ ብቻ ነው። የእሷ ልጅ የሚያስፈልገው የተከፈተና ጥይት የማይሰማበት ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን የሚተካ ብልሃት የለም። ቤት ማስተማርን እንደ መፍትሔ እየሰበኩ ትምህርት ቤቶቹን ረስቶ መቀመጥ ነውር ነው። ለተፋላሚዎቹ ሁሉ ምቹ ሰበብም ይሆናል።

እና ምን ይሁን ነው የምትለው? የምትሉኝ ይመስለኛል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ትንሽም ነው፦ ቤት የተማረ ልጅ ሲመለስ የሚገባበት በር ይኑር።

አሁን ያለውን እንይ። ወላጅ ልጁን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚጠየቀው ካርድና መሸኛ ነው። የልጁ ካርድ ከሁለት ዓመት በፊት የቆመ ነው። ካርዱን ካመኑት የ10 ዓመቱ ልጅ ከትንንሾች ጋር ይቀመጣል፤ አፍሮ በሁለት ወር ውስጥ ይወጣል። ዕድሜውን ካመኑት አራተኛ ክፍል ገብቶ እንደገና «ሥዕል መሳል» ይጀምራል። ልጁ ዛሬ ምን ማንበብ፣ ምን መደመር እንደሚችል ካርዱም ዕድሜውም አይናገሩም። ታላቋ ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከፊቷ አለ፤ በትምህርት ቤት በኩል ካልተመዘገበች በየት በኩል ትቀመጥ?

ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ይህች አገር ሠርታው ታውቃለች። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ምን ነበር? ከመደበኛ ትምህርት ቤት የራቀን ልጅ በመንደሩ፣ በዛፍ ጥላም በዳስም፣ ከዚያው አካባቢ በተመረጠ አመቻች የአራት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት አስተምሮ አምስተኛ ክፍል ማስገባት ነበር። በአማራ ክልል ገጠር ስንት ሰው በዚያ በኩል አልፎ ዛሬ ዲግሪ ይዟል! በ2003 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ኢትዮጵያ የተጀመረው የተፋጠነ ትምህርትም ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን በ10 ወር ሦስት ክፍል አስተምሮ ወደ መደበኛው ያዛውራል። ማለት፣ መንግሥት ከክፍል ውጭ የተማረን ልጅ መዝኖ ተቀብሎ ያውቃል። ከዚያም ብንርቅ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ያን ጊዜ የት ተቀምጠህ ተማርክ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ ማንበብ ቻልክ ወይ ነበር ጥያቄው።

በልዩ ፍላጎት በኩልም ቢሆን መንገዱን የከፈተው ቢሮ አይደለም፣ እናት ናት። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ብታጣ በ1994 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ለልጆቹ ቋንቋ ለማስተማር ያዘጋጀችውን የድምፅ ዘዴም በአቡጊዳ ነው የሰየመችው። ዛሬ በሕይወት የለችም። የእሷ ታሪክ ለእኔ የሚነግረኝ ይህን ነው፦ እሷ ቤት ዘግታ አልተቀመጠችም፣ የሌሎችንም እናቶች ልጆች ሰበሰበች። ያንን ማድረግ የቻለችው ግን አዲስ አበባ ላይ፣ አቅምና ሰሚ ኖሯት ነው። የእንጅባራዋ እናት የጎረቤት ልጅ ጨምራ መደቡ ላይ ብታስቀምጥ «ያለ ፈቃድ ትምህርት ቤት ከፈተች» እንዳትባል ትፈራለች። ፍርሃቷ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

ስለዚህ በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው። ክፍት በሆነ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ይመደብ፤ ከቤት የመጣውን ልጅ ካርድ ሳይጠይቅ በአማርኛም በአገውኛም ያስነብበው፣ ያስደምረው፣ ከዚያ ይመድበው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መጽሐፍ በውሰት ይሰጥ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ ያጠረ መሆኑን አውቃለሁ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣም እንዳለ ግን አይቻለሁ። በቴሌግራም እንልካለን የሚለው ተስፋ አይሠራም፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የከረመበትን ዓመት ገና አልረሳነውም። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደግሞ አንድ ጥያቄ ትጨምር፦ ልጁን ከኋላው ጥሩት፣ ዘወር ይላል? ይህቺ ጥያቄ ብትጠየቅ «ፈዛዛው» ስሙን ይዞ አያድግም ነበር። የተቆለፈውን ጓዳም ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የትምህርት ባለሙያ ሳነሣለት «እንዲህ ካልን ወላጅ ሁሉ ልጁን ቤት ያስቀራል» አለኝ። ሐሳቡን አልንቀውም፤ ምዝገባ በቀነሰበት ዘመን እንዲህ መፍራት ያለ ነው። ግን ወላጆች ልጆቻቸውን ያስቀሩት እኛ ስለፈቀድንላቸው አይደለም። ቀድሞውኑ ቤት ናቸው። በሩ ክፍት ከሆነ የሚመለሰው ይበዛል፤ «ካርድ አምጣ» የተባለ አባት ልጁን ይዞ ሲመለስ መንገዱ ላይ የሚያስበው ስለ ከሰሉ ጉዞ ነው፤ ረዳት ይሆነዋል።

በመደበኛ ጊዜ ምዝገባ የሚጀምረው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እናትየው ዘንድሮ ሦስቱንም ይዛ ለመሄድ አስባለች፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ታላቋን ለፈተናው፣ ትንሹን ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጡላት ለመለመን። መካከለኛውን ግን ገና አልወሰነችም፤ ማንበብ የጀመረበትን መደብ ለቆ 50 እና 60 ልጅ መሀል ሲገባ ዝም እንዳይል ትሰጋለች። እኔም «ውሰጂው» ወይም «ተይው» ማለት አልቻልኩም።

በአዊ ዞን በወረዳ ወይም በከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ፣ ርእሰ መምህር የሆናችሁ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ካርድ የሌለው ልጅ ደጃችሁ ሲመጣ በምን እንደምትመድቡት ጻፉልኝ። ስም መጥቀስ ካልፈለጋችሁ አልጠቅስም። የተሻለ አሠራር ያለው ትምህርት ቤት ካለ ለዚያች እናት ቀድሜ እነግራታለሁ።